ስክሪን ሪደር የሚያነበው ነገር ይኑረው

ምናባዊ ዓለሞች፣ ማለትም በኮምፒውተር ተሠርተው ሰው ገብቶ የሚንቀሳቀስባቸው ቦታዎች፣ ለአካል ጉዳተኞች ትልቅ ዕድል ናቸው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ከቤት መውጣት ለሚከብደው ሰው እውነት ነው። ዓይነ ስውሩስ? ተራ ድረ ገጽ ከሥሩ ጽሑፍ ስላለው ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በድምፅ ያነበዋል። ምናባዊው ዓለም ግን ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚሣለው እንደ ምስል ብቻ ነው። ፕሮግራመሩ ለወንበሩም፣ ለደረጃውም፣ አጠገብህ ለቆመው ሰውም ስምና መግለጫ ካልሰጠ የሚነበብ ነገር የለም። ይሄ እኮ አዲስ ጥያቄ አይደለም! የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው የዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ የመጀመሪያው ነጥብ ለምስልና ለድምፅ አማራጭ ይቅረብ የሚል ነበር። ሁለት እጅ የሚጠይቀው መቆጣጠሪያም በአንድ እጅ ለሚጠቀም ሰው ያው እንቅፋት ነው፤ አዝራሮቹን መቀየር ይቻል። ገንቢዎች፣ እባካችሁ ገና ስትጀምሩ አካል ጉዳተኞችን ቀጥራችሁ አስሞክሩ። ካለቀ በኋላ ማስተካከል ድካሙም ወጪውም ይበዛል።