ሐዲዱ ቢነሣም መስመሩ ይጠበቅ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በከምብሪያ አውራጃ፣ ግሬት መስግሬቭ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ በ1862 የተሠራ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በላዩ ጠባብ የገጠር መንገድ ያልፋል፤ በሥሩ ያልፍ የነበረው ባቡር ግን ከቀረ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2021 የእንግሊዝን አውራ ጎዳናዎች የሚያስተዳድረው ናሽናል ሃይዌይስ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ሠራተኞች ልኮ የድልድዩን ቅስት በብዙ መቶ ቶን በሚቆጠር ጠጠርና ኮንክሪት አስደፈነው። የሰጠው ምክንያት ድልድዩ እየተጎዳ ሄዶ በላዩ ለሚያልፈው ተሽከርካሪ አደጋ እንዳይሆን የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ከመንደሩ ወዲህና ወዲያ፣ በከርክቢ ስቲቨንና በዎርኮፕ፣ በጎ ፈቃደኞች በገዛ ጉልበታቸው ያደሷቸው ሁለት አጫጭር የጥንት ባቡር መስመሮች አሉ፤ እነዚህን ሁለት መስመሮች አንድ ቀን እናገናኛለን ብለው ተስፋ ያደረጉ ሰዎች ማለፊያቸው ያው የተደፈነው ቅስት ነበር። የወረዳው ምክር ቤት ሥራው ካለቀ በኋላ የቀረበለትን የፈቃድ ጥያቄ በ2022 ውድቅ አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት ድርጅቱ የሞላውን ሁሉ መልሶ ቆፍሮ ለማውጣት ተገደደ። ለመድፈኑም ሆነ ለመክፈቱ የወጣው ገንዘብ የሕዝብ ነው።

ይህ ጉዳይ በአንድ መንደር የተፈጸመ ስሕተት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ እፈልጋለሁ። በብሪታንያ ከተዘጉት የባቡር መስመሮች የተረፉ ወደ 3,100 የሚጠጉ ድልድዮች፣ ዋሻዎችና ሌሎች ግንባታዎች ዛሬም የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ንብረት ሆነው በዚሁ የጎዳና ድርጅት እጅ ይተዳደራሉ። እነዚህን ግንባታዎች እንደ ዕዳ የሚቆጥር አሠራር አለ፤ እኔ ደግሞ ዕዳ አይደሉም የምል ሰው ነኝ። ከእነርሱም በላይ ዋጋ ያለው እነርሱ ያያያዙት መሬት ነው፤ ከከተማ ወደ ከተማ ሳይቆራረጥ የሚሄድ፣ አንዴ ከተቆረሰ ዳግመኛ በቀላሉ የማይገጠም ጠባብ ቀበቶ መሬት።

መስመሮቹ እንዴት እንደተዘጉ ባጭሩ ላስታውስ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የብሪታንያ የምድር ባቡር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይከስር ነበር። ከአንድ ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ ተጠርተው የመጡት ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ በመጋቢት 1963 ባወጡት ሪፖርት ከመስመሩ ርዝመት አንድ ሦስተኛው የሚያጓጉዘው ከጠቅላላው የመንገደኛ ጉዞ አንድ በመቶውን ብቻ መሆኑን አሳዩ፤ 2,363 ጣቢያዎችና 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር እንዲዘጉም ሐሳብ አቀረቡ። ከእርሳቸው በፊትም ብዙ መስመር ተዘግቶ ነበር፤ ሪፖርቱን የተቀበለው የወግ አጥባቂዎች መንግሥት ወርዶ በ1964 ሥልጣን የያዘው የሌበር መንግሥትም መዝጋቱን ቀጠለበት። ስለ ሒሳቡ ዛሬም ድረስ ክርክር አለ፤ ወደዚያ አልገባም። ባዶ ባቡር እያመላለሱ መክሰር እንደማይቻል እቀበላለሁ። እጅግ የሚቆጨኝ ግን ከመዝጋቱ በኋላ የሆነው ነው። ሐዲዱ ተነቅሎ በብረት ዋጋ ሲሸጥ፣ መሬቱን እንደያዘ የሚያቆይ ሀገራዊ ፖሊሲ አልነበረም። ግማሹ ለጎረቤት ገበሬ፣ ግማሹ ለአካባቢው ምክር ቤት፣ ሌላው ለቤት ሠሪ እየተቆራረሰ ተሸጠ። አባቶቻቸው በአካፋና በዶማ ኮረብታ ሰንጥቀው፣ ሸለቆ ሞልተው፣ የስንቱን መሬት በፓርላማ አዋጅ ገዝተው ያገናኙትን መስመር ልጆቹ በጥቂት ዓመታት በተኑት።

የዚህ ብተና ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከኤዲንብራ ወደ ደቡብ የሚወስደው መስመር ያስረዳል። ዌቨርሊ ይባል የነበረው ይህ መስመር ኤዲንብራን ከካርላይል ያገናኝ ነበር። እንዳይዘጋ ከሃዊክ የተነሣች አንዲት የቤት እመቤት ከ11 ሺህ በላይ ፊርማ ይዛ ለንደን ድረስ ሄዳለች፤ የሰማት ግን አልነበረም። በጥር 1969 የመጨረሻው የሌሊት ባቡር ኒውካስልተን መንደር ሲደርስ ነዋሪዎቹ የማቋረጫውን በር ዘግተው በሐዲዱ ላይ ቆሙ። የመንደሩ ቄስ ታሰሩ፤ በባቡሩ ውስጥ የነበሩት የአካባቢው የፓርላማ አባል ዴቪድ ስቲል ወርደው ካደራደሩ በኋላ ቄሱ ተለቀቁ፣ ባቡሩም አለፈ። ከዚያ በኋላ የስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ለ46 ዓመታት ያለ ባቡር ኖረ። በመስከረም 2015 የመስመሩ ሰሜናዊ ክፍል፣ እስከ ትዊድባንክ ያለው 49 ኪሎ ሜትር፣ እንደገና ሲከፈት ወጪው ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠግቶ ነበር። በአሮጌው መስመር ላይ ቤት የተሠራባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ የኤዲንብራ ቀለበት መንገድም ቆርጦት ስላለፈ ባቡሩን ከመንገዱ ሥር ማሳለፍ ግድ ሆነ። መሬቱ ባይነካ ኖሮ ከዚህ ወጪ የሚቀንሰው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት የተሳፈረው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በልጦ ከተገመተው እጅግ አለፈ፤ መስመሩን የሚፈልግ ሰው የለም የተባለበት ሀገር ይህ ነበር።

ባቡር ባይመለስም መሬቱ ሥራ አያጣም። የምኖረው ለንደን ነው፤ ከፊንስበሪ ፓርክ ወደ ሃይጌት በሚወስደው የተዘጋ መስመር ላይ፣ ዛሬ ፓርክላንድ ዎክ በሚባለው የእግር መንገድ፣ ብዙ ጊዜ እመላለሳለሁ። ክራውች ኤንድ ላይ ሲደርሱ መንገዱ በሁለት መሳፈሪያ መድረኮች መካከል ያልፋል። ሐዲዱ በነበረበት ዝቅታ ላይ ስለሚሄዱ የመድረኩ ጠርዝ ወገብ አካባቢ ይደርሳል። የጠርዙ ድንጋይ እስከ ዛሬ እንደተደረደረ ነው፤ በስንጥቁ ሣር በቅሏል፣ ከጀርባው ዛፎቹ ገጥመው ጥላ ሠርተዋል። የመጨረሻው መንገደኛ ከዚህ የተሳፈረው በ1954 ነው። በሰንበት ግን ልጆች መድረኩ ላይ ወጥተው ይሯሯጣሉ፣ ሽማግሌዎች ውሾቻቸውን ይዘው ያልፋሉ፣ ብስክሌተኛው ደወሉን እያሰማ ይሄዳል። በዚያ በተጨናነቀ ከተማ መሬት በወርቅ ዋጋ ሲሸጥ ይህ ቦታ የተረፈው አካባቢው ስለተከራከረለት ነው።

ከብሪስቶል ወደ ባዝ የሚሄደው 21 ኪሎ ሜትር መንገድ ደግሞ ለሀገሩ ሁሉ ምሳሌ ሆኗል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጥቂት ብስክሌተኞች ተሰባስበው የተዘጋውን የሚድላንድ መስመር መጥረግና ማንጠፍ ጀመሩ፤ ሥራው በ1986 አበቃ፤ ሰስትራንስ ተብሎ የታወቀው ድርጅት የበቀለው ከዚያ ማኅበር ነው፤ ሀገሪቱን የሚያካልለው የብስክሌት መንገድ መረብም ከዚያ ተነሣ። ባቡር ቁልቁለትና ዳገት ስለማይወድ መስመሩ ሲሠራ መሬቱ አብሮ ተስተካክሏል፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው፣ ሕፃን ልጅ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሁሉ ሳይቸገር የሚያልፍበት ለዚህ ነው። የመንገዱ የባዝ ጫፍ የሚገኘው ኒውብሪጅ በተባለው ሰፈር ነው፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስም በዚያው ሰፈር ይገኛል። እርሳቸው በዚያ ቤት ሳሉ ባቡሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራ ነበር፤ የተዘጋው በ1966 ነው። ቤቱን ለመሳለም ከለንደንና ከሌላም ቦታ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ሲመለሱ ወደዚያ መንገድ ወርደው ጥቂት ቢራመዱ ብዬ እመኛለሁ።

ባዝ ላይ ሌላም አለ። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ይወጣ የነበረው የሶመርሴትና ዶርሴት መስመር በመጋቢት 1966 ተዘጋ፤ በ2013 ሁለት ዋሻዎቹ ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈቱ። ትልቁ፣ ኮም ዳውን የሚባለው፣ 1,672 ሜትር ይረዝማል። አንድ መስመር ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ዋሻ ነው፤ አየር ማስገቢያ ጉድጓድም አልተቆፈረለትም። በኅዳር 1929 ዳገቱን ቀስ ብሎ ይወጣ በነበረ የዕቃ ባቡር ላይ የነበሩት ነጂና እሳት አንዳጅ በጭስ ታፍነው ራሳቸውን ሳቱ፤ ባቡሩ ያለ መሪ ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁል ወደ ባዝ ሲወርድ ከቁጥጥር ወጣ፤ ነጂውን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ውስጡ ከገቡ በኋላ የውጪው ብርሃን ከፊትም ከኋላም የሚጠፋበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቆሜ ቀና ስል፣ ያ ጭስ መውጫ አጥቶ በዚህ ጠባብ ጣራ ሥር እንዴት እንደተከማቸ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። የእነዚያን ሠራተኞች ድካም እንደዚህ የነገረኝ ሙዚየም አላውቅም።

አንዳንዱ ደግሞ የተረፈው በራሱ ጥንካሬ ነው። በኖቲንግሃምና በደርቢ አውራጃዎች ወሰን ላይ፣ በኤርዋሽ ወንዝ ሸለቆ፣ ቤነርሊ የተባለ በ1877 የተሠራ ከ400 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ድልድይ አለ። ባቡር ካቆመበት ከ1968 በኋላ ሊያፈርሱት ታስቦ ነበር፤ ብረቱ ግን በእሳት ቆርጦ ለመጣል የሚመች አልነበረም፣ ብሎኑን እየፈቱ ማውረዱም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነበር። ለ50 ዓመታት ያህል ዝገት ለብሶ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ ቆመ። በጥር 2022 መወጣጫ ተሠርቶለት ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ። በዌልስ የነበረው ታላቁ የክራምሊን ድልድይ እንዲህ ዓይነት ዕድል አላገኘም፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ፈርሶ ዛሬ በሸለቆው ውስጥ የሚታየው መሠረቱ ብቻ ነው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ስለ ገንዘብ ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው። አሮጌ ድልድይ ውኃ ያስገባል፣ ዋሻ ይናዳል፣ ድንጋይ ወድቆ ሰው ሊገድል ይችላል፤ 3,100 ግንባታ መመርመርና መጠገን የማያቋርጥ ወጪ ነው። ሁሉም ይታደስ የሚል ሰው አላጋጠመኝም፣ እኔም አልልም። ሆኖም ግንቡን መጠገንና ቅስቱን መድፈን በዋጋም በውጤትም የተለያዩ ናቸው። የተጠገነ ድልድይ ነገ ለባቡር፣ ለብስክሌት፣ ለውኃ ቱቦ ያገለግላል፤ የተደፈነ ድልድይ ግን ለምንም አያገለግልም። በግሬት መስግሬቭ እንደታየው፣ የተደፈነውን መክፈትም ሌላ ወጪ ይጠይቃል።

ባዶ የተተወ መሬት ባዶ ሆኖ እንደማይቆይ ደግሞ ኦክስፎርድንና ካምብሪጅን ያገናኝ የነበረው መስመር ያሳያል። አብዛኛው ክፍሉ በ1967 መጨረሻ ተዘጋ። ካምብሪጅ አጠገብ ሎርድስ ብሪጅ በተባለ ቦታ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ደልዳላ መስመር አይተው የሬዲዮ ቴሌስኮፖቻቸውን ዘረጉበት። ለሳይንሱ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። በሌላው በኩል፣ ወደ ከተማዋ መግቢያ፣ በአሮጌው መስመር ላይ የአውቶቡስ ብቻ መንገድ ተሠርቷል። ዛሬ መንግሥት ሁለቱን ከተሞች በባቡር እንደገና ለማገናኘት ሲነሣ፣ በምሥራቁ ጫፍ የቆየው መስመር ስለማይገኝ በእርሻና በመንደሮች መካከል አዲስ መሬት መፈለግ ግድ ሆኗል፤ ነዋሪዎቹም ተቃውሞ አንሥተዋል። በ1967 የወሰኑት ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ለነገ ምን እንደሚያስፈልግ ስለማይታወቅ ነው መስመሩን ሳይቆርሱ ማቆየት የሚገባው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በመንግሥትም ሆነ በአካባቢ ምክር ቤቶች እጅ ያለ የተዘጋ መስመር፣ ቤትም መንገድም ሲፈቀድበት፣ ቢያንስ የአንድ ሐዲድ ስፋት እንዲተርፍ በፕላን ሕግ ይደንገግ። ድልድይ ወይም ዋሻ ከመደፈኑ በፊት፣ አስቸኳይ ነው በሚል ሰበብ ሳይታለፍ፣ ጉዳዩ በአካባቢው ሕዝብ ፊት ይታይ። ማስተዳደሩም ዋና ሥራው አውራ ጎዳና ከሆነ ድርጅት ወጥቶ እነዚህን ግንባታዎች እንደ ቅርስና እንደ መጓጓዣ ለሚያይ አካል ይሰጥ። የተዘጉ መስመሮችን ለመመለስ ተቋቁሞ የነበረው ፈንድ በ2024 ክረምት መቋረጡን አውቃለሁ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን ከኒውካስል ወደ አሺንግተን የሚሄደው ባቡር ከ60 ዓመታት በኋላ መንገደኛ መጫን ጀምሯል። በዚያ መስመር ላይ ሐዲዱ ለድንጋይ ከሰል ሲባል ስላልተነቀለ መመለሱ ተችሏል።

ትዊድባንክ ላይ የቆመውን መስመር ወደ ሃዊክ፣ ከዚያም በኒውካስልተን በኩል እስከ ካርላይል ለማድረስ ጥናት እንዲደረግ በ2021 የተፈረመው የድንበር አካባቢዎች የልማት ስምምነት እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይዟል። አጥኚዎቹ ከሃዊክ ወደ ደቡብ ሲወጡ ሻንክኤንድ ላይ ባለ 15 ቅስቱን ድልድይ በሸለቆው መካከል እንደቆመ ያገኙታል። ጥቂት ወረድ ብሎ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የዊትሮፕ ዋሻ አለ፤ ከአፉ አካባቢ ጣራው በከፊል ተንዷል፣ በሩም ተዘግቷል። ድልድዩን ማን እየጠገነ እንደሚያቆየው፣ ዋሻውንም ማን ሳይደፍን እንደሚጠብቀው፣ ጥናቱ ከማለቁ በፊት መወሰን አለበት።