የሰው ደሞዝ ይዘን አንደር

እስራኤል የምንኖር ቤተ እስራኤል ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ይበርድልኝ እንደሆነ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልበረደም። ስለዚህ እንዳለ እጽፈዋለሁ። የሚከፋው ይከፋው።

እኔ በምሠራበት የግንባታ ሳይት ላይ ኡስታዝ (በዓረብኛ አስተማሪ ማለት ነው) የምንለው ፍልስጤማዊ ነበር። ዌስት ባንክ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሴራሚክና ሲሚንቶ እየተሸከመ ፎቅ የሚያወጣ የቀን ሠራተኛ ነበር። በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያለ ፈቃድ፣ አጥር ዘሎ ነው የመጣው። የፍልስጤሙ ታጣቂ ቡድን ሐማስ እስራኤል ላይ ጥቃት ካደረሰበት ከኦክቶበር 7፣ 2023 በፊት ከ150 ሺህ የሚበልጡ ፍልስጤማውያን እዚህ ይሠሩ እንደነበር ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችን አብረናቸው ሠርተናል፤ አብረን በልተናል። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋም አውቃለሁ፤ የተቀበሩትን እኔም አልቅሼላቸዋለሁ፣ ከእኛም ልጆች አሉባቸው።

ኡስታዝ እኩያዬ ነው። ማታ ማታ በሩ ባልተገጠመለት ክፍል ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ጠዋት ስመጣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን አስተካክሎ አገኘዋለሁ፤ አስተማሪነቱ አልለቀቀውም። የሠራባቸውን ቀኖች ያልተለሰነው ግድግዳ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ በራሳቸው ቁጥር፣ በተርታ፣ ከግርጌው ድምሩን።

"ቢይዙህስ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ደሞዜ ግማሽ ነው" አለኝ። "እሱም ሲመጣ ነው።"

ምሳ ሰዓት ነበር። አጠገባችን የሲሚንቶ ከረጢቶች ተደርድረዋል። አንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና "ይሄ እኔ ሰፈር ሲገባ ታክሱን የሚሰበስበው ማነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የእናንተ መንግሥት ነዋ።"

"የእናንተ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ነገሩ የተዋዋለው በ1994 ፓሪስ ላይ ነው። ወደ ፍልስጤም ግዛት የሚገባ ዕቃ የሚያልፈው በእኛ ወደብና በእኛ ኬላ ስለሆነ ጉምሩኩን፣ ቫቱን፣ የነዳጁን ታክስ የሚሰበስበው የእኛ ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ለድካሙ 3 በመቶ ያስቀራል፤ የኤሌክትሪክ፣ የውሃና የሆስፒታል ዕዳም ከዚያው ይቀንሳል፤ የተረፈውን በየወሩ ለፍልስጤም አስተዳደር ያስተላልፋል። እነሱ መቃሳ ይሉታል። ከአስተዳደሩ ገቢ ከሁለት ሦስተኛው የማይርቀው ከዚህ ነው የሚመጣው። የአስተማሪው፣ የነርሷ፣ የፖሊሱ ደሞዝ ከዚህ ነው።

ይህ ገንዘብ ስንት ጊዜ እንደተያዘ ደግሞ ኡስታዝ በጣቱ ቆጠረልኝ። ሐማስ በ2006 ምርጫ ሲያሸንፍ ተያዘ። በ2015 ወደ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሲሄዱ ተያዘ። ከ2019 ጀምሮ አስተዳደሩ እስራኤል ላሠረቻቸው ሰዎች ቤተሰቦች የሚከፍለው ልክ እየታሰበ ይቆረጥ ጀመር። ከኦክቶበር 7 በኋላ ለጋዛ የሚላከው ድርሻም አብሮ ይቆረጥ ጀመር። ከሜይ 2025 ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ሚኒስትሩ ቤዛሌል ስሞትሪች ጭራሹን አቆሙት። ኡስታዝና ጓደኞቹ ሙሉ ደሞዝ ካዩ ግን ከዚያም ይቆያል፤ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ እየተሸራረፈ ነው የሚከፈላቸው።

ልጆቹ ትምህርት የሚጀምሩት ሴፕቴምበር 1 ነበር። አስተዳደሩ ገንዘብ ስላጣ ወደ 8 ተገፋ፤ ሲከፈትም በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንደሚማሩ ተነገረ። ኡስታዝ ያቺን የተገፋች ሳምንት እንደ ሲሳይ ቆጠራት። ትንሽ ልሥራና ሒሳቤን አንድ ላይ ተቀብዬ ልሂድ አለ። የወር ተኩል ድካሙ ነው። ፎርማኑም "ሐሙስ ማታ ትወስዳለህ" አለው።

ፎርማኑ የእኛው ልጅ ነው። አማርኛ ተናጋሪ፣ አባቱን የማከብራቸው፣ እናቱ ቤት ቡና የጠጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ፖሊስ መጣ። ማንንም አልጠየቁም፤ አልፈተሹም። ደረጃውን ወጥተው ቀጥ ብለው ወደዚያች በር ወደሌላት ክፍል ሄዱ። ካርቶኑ የት እንደተነጠፈ ሳይቀር የሚያውቁ ይመስሉ ነበር። ኡስታዝን አሥረው ሲያወርዱት ፎርማኑ ታች ቆሟል። ኡስታዝ አጠገቡ ሲደርስ ለአፍታ ቆመና በዕብራይስጥ "ሒሳቤስ?" አለው።

"የምን ሒሳብ?" አለው የእኛው ልጅ።

ይቺን መልስ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ጮሆ እንኳ አልተናገራትም።

ምሳ ላይ ራሱ አወራው። አንድ ስልክ ደውዬ የወር ተኩል ደሞዝ አተረፍኩ አለን። ሳቁ። ሁለት ሦስቱ ከልባቸው ሳቁ፤ የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ። "ድሮስ በእርዳታ አይደል የሚኖሩት? አውሮፓ ይክፈለው!" ያለም ነበር። እዚያው ተጣላሁ። ተነስቼ ወደ ተቋራጩ ሄድኩ፤ "እንዲህ ያለ ሰው ዝርዝራችን ውስጥ የለም" ብሎ ሸኘኝ። የአገራችን ሕግ እኮ ያለ ፈቃድ የገባን ሰው ይመልሳል እንጂ የሠራበትን ደሞዝ አይከለክለውም። ግን ከኬላው ወዲያ ሆኖ፣ ወረቀት ሳይኖረው፣ ማን ፍርድ ቤት ይቆምለታል?

በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ዝም እል ነበር። በስግድ በዓላችን ላይ፣ ጾመን ጸልየን ከወረድን በኋላ፣ ዳቦ እየተቆረሰ፣ ያ ፎርማን ያንኑ ወሬ ደገመው። ሽማግሌዎች ባሉበት! እናቶች ባሉበት! አንድም ሰው "ተው አንተ ልጅ፣ ነውር ነው" አላለውም። የሠራተኛን ዋጋ ሳታሳድር ስጥ የሚለውን ትእዛዝ ቄሶቻችን በቃላቸው ያስተማሩን ሕዝብ እኮ ነን። በዚያው ቀን ጠዋት ቃል ኪዳናችንን አድሰን ከሰዓት በኋላ በተበላ ደሞዝ ሳቅን።

ስለዚህ ልንገራችሁ። "በእርዳታ ነው የሚኖሩት" የምትሉትን ነገር ተዉት፤ ሒሳቡ አይልም። በ2008 ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እርዳታ አግኝተዋል፤ የዚያን ጊዜው ኢኮኖሚያቸውን 27 በመቶ ያህላል። በ2022 ግን 550 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ ከ3 በመቶ በታች ወርዷል። በመሀሉ ሳላም ፋያድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ኢኮኖሚው ሲያድግ አየን፤ የአስተዳደሩ መቀመጫ ራማላ ፎቅ በፎቅ ሆነች፣ ዓለም አጨበጨበ። ያ እድገት እርዳታው ደሞዝ ሆኖ፣ ደሞዙ ሱቅ ገብቶ የመጣ ነበር። ፋብሪካና እርሻ አልተከተሉትም። እርዳታው ሲቀንስ እሱም ቀነሰ። እንዴትስ ይከተሉት? የራሳቸው ገንዘብ የላቸውም፣ የሚገበያዩት በእኛው ገንዘብ፣ በሸቀል ነው። ወደብ የላቸውም። ኤሪያ ሲ የሚባለው፣ በእኛ ጦር ቁጥጥር ሥር ያለው 60 በመቶው የዌስት ባንክ መሬት፣ ቢከፈትላቸው በዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስገኝላቸው ይችል እንደነበር የዓለም ባንክ በ2013 አስልቶ አውጥቷል። ይህ በዚያ ዓመት ያገኙት ከነበረው እርዳታ ሁሉ ይበልጣል።

እርዳታ እየጠፋ ሲሄድ የቀራቸው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ እዚህ መጥተው የሚሠሩት ሥራ፣ ሁለተኛው ያ ታክስ። ሁለቱም በእኛ እጅ ነው ያሉት፤ ሁለቱም ቆሙ። ዌስት ባንክ ጦርነት ሳይወድቅበት በ2024 ኢኮኖሚው በ17 በመቶ ወረደ። ጋዛን አላነሳም፤ የጋዛው ለብቻው የሚለቀስ ነው። የፍልስጤማውያን የነፍስ ወከፍ ገቢ በጠቅላላው ወደ 2003 ተመልሷል። የሃያ ዓመት ልፋት ማለት ነው፤ ዛሬ ኡስታዝ የሚያስተምራቸው ልጆች በ2003 አልተወለዱም ነበር። ከዚያ የአውሮፓ ኅብረት ይመጣና እስከ 2027 ድረስ 1.6 ቢሊዮን ዩሮ እሰጣለሁ ይላል። እኛም ያንን በዜና ሰምተን "ይኸው፣ ለማኞች" እንላለን። የራሱን ገንዘብ የያዝንበትን ሰው ለማኝ ብለን ስንሰድብ ትንሽ አናፍርም?

አዎ፣ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ለገዳዮች ቤተሰብ ይከፍላሉ ትሉኛላችሁ። ከፍለዋል። የሞተበትን ሰው የሚያቆስል ሥራ ነው፤ እኔም ስጠላው ኖሬአለሁ። የአስተዳደሩ መሪ ማህሙድ አባስ በፌብሩዋሪ 2025 ያንን አሠራር የሚያስቀር ድንጋጌ አውጥተዋል፤ በሥራ ላይ ይዋል አይዋል የሚከታተል ይከታተለው። ለዚያ የሚቆረጥ ካለ ልኩ ይታወቃል፣ ሲቆረጥም ነበር። የአስተማሪው ደሞዝ ሁሉ ግን ከየት መጥቶ ቅጣት ሆነ? ራማላ ያሉትም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ከ2006 ወዲህ የምክር ቤት ምርጫ የለም። የሚጠይቃቸው ሕዝብ በሌለበት ገንዘቡ በዘመድ አዝማድ ሹመት፣ በማያልቅ የደሞዝ ዝርዝር ያልቃል። ኡስታዝ ራሱ ከእኔ ይልቅ እነሱን ሲወቅስ ነበር የሚውለው። "እናንተ ትይዙብናላችሁ፣ የእኛዎቹ ደግሞ የተለቀቀውን ያባክኑታል፣ እኔ ከመሀል ነኝ" ይለኝ ነበር። የእነሱን ጥፋት የሚገሥጽ የራሳቸው ሰው አለ። እኔ ድርሻዬ እናንተ ናችሁ።

ይህን ስል ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ማን እንደሆንን ሳስብ ነው። ወላጆቻችን በ1984 ሱዳን፣ ኡምራኩባ የስደተኞች ካምፕ ላይ ለእርዳታ እህል ተሰልፈው ያውቃሉ። ለምን ተሰለፋችሁ፣ ሥራ አትወዱም ወይ ያላቸው ሰው ቢኖር ምን ይሰማቸው ነበር? መንገድ ተዘግቶባቸው እንጂ እጃቸው ሰንፎ አልነበረም። እዚህ ከገባንም በኋላ ለደም ባንክ የሰጠነው ደም ሲደፋ ኖሮ በ1996 ስንሰማ፣ አደባባይ የወጣነው ስለ ገንዘብ አልነበረም። እንደሌለን መቆጠራችን ነው ያንገበገበን። "እንዲህ ያለ ሰው ዝርዝራችን ውስጥ የለም" የሚለው መልስ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ?

አንድ ፎርማን ምን አደረገ፣ ምንድነው ይሄ ሁሉ የምትሉም አላችሁ። ፎርማኑ ያደረገው ግን አንድ ሰው ላይ ስለሆነ ነው የሚታየን። ሰው ሠርቶ ያገኘውን ይዘህበት፣ "የምን ሒሳብ?" ማለት ነው። ገንዘብ ሚኒስቴሩም በየወሩ እንዲሁ እያለ ነው፣ በሚሊዮን ሰው ላይ፣ በእናንተና በእኔ ስም። በጁን 2024 ከዚያው ገንዘብ ወደ 130 ሚሊዮን ሸቀል ተወስዶ በሽብር ለተጎዱ የእኛ ቤተሰቦች እንዲሰጥ ተደረገ። ለተጎዳው ወገኔ ካሳ ይገባዋል፤ ከእኔ ግብር ይሰጠው፣ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። አጥር ዘሎ ሴራሚክ ከሚሸከም አስተማሪ ኪስ ግን አይሁን። የደህንነት ሰዎቻችን ራሳቸው ያ አስተዳደር ከወደቀ መዘዙ ለእኛ ነው ብለው ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ለጽድቅ የማትሰሙኝ ለደህንነታችሁ ስሙ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስሞትሪችን የማስወርድበት ጉልበት የለኝም። ትልልቁን ነገር ማን እንደሚፈታውም አላውቅም። ትንንሹ ግን በእጃችን ነው። ተቋራጮችና ፎርማኖች የሆናችሁ ልጆቻችን፣ ያሠራችሁትን ሰው ክፈሉ፤ ፈቃድ ከሌለው መጀመሪያውኑ አታሠሩት፣ ካሠራችሁት ግን ክፈሉት። ሽማግሌዎች፣ እንዲህ ያለ ወሬ ፊታችሁ ሲወራ ዝም አትበሉ። ምርጫ ደርሶ ድምፅ ለመለመን ሰፈራችን የሚመጡትን ሰዎች ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ስትጠይቋቸው፣ ያ የሰው ታክስ መቼ እንደሚለቀቅም ጠይቋቸው። ይገረማሉ። ይገረሙ።

የኡስታዝን ስልክ ይዣለሁ። ደህና ነው፤ አሰናብተውት ቤቱ ገብቷል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ያስተምራል። ሒሳቡን ከእኛ መካከል አዋጥተን እንላክለት ስል "የሠራሁበት ሰው ይክፈለኝ፤ ከእናንተ እርዳታ አልቀበልም" አለኝ። ስለዚህ ለዚያ ልጅ አባት ሽማግሌ ልኬአለሁ። ገና መልስ አልመጣም፤ የተላኩት ሰዎች ግን ነገሩን ሰምተው "ይሄማ መከፈል አለበት" ብለው ነው የሄዱት። ካልሆነ እንደገና እንሄዳለን።