የሶሲዮሎጂ መሥራቾች ለፈተና ብቻ አይነበቡ

የሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) ተማሪ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ የሚቀርለት ብዙ ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ዱርካይም ፈንክሽናሊዝም (የኅብረተሰብ ክፍሎች ለጠቅላላው የሚሰጡት አገልግሎት)፣ ማርክስ ኮንፍሊክት (የመደቦች ግጭት)፣ ዌበር ሶሻል አክሽን (ሰው ለድርጊቱ የሚሰጠው ትርጉም)፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «የሶሲዮሎጂ አባት» ኦገስት ኮምት። ፈተናውን ለማለፍ ይህ ይበቃል። ተማሪው ግን መደምደሚያውን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ወደዚያ መደምደሚያ ያደረሰውን ክርክር አያየውም። ይህንን እንደ ትንሽ የማስተማር ጉድለት ልቆጥረው አልችልም።

መደምደሚያን ያለ ክርክሩ መያዝ ምን እንደሚያስከትል ይህች አገር አይታዋለች። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የተማሪዎች ንቅናቄ ያነሳው ጥያቄ እውነተኛ ነበር፤ ጭሰኛው ያረሰውን ለባለመሬቱ ሲገብር ይኖር ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ማርክስ እንደ ዳዊት ይደገም ጀመር። ጥቅስ ጠቅሶ ባላንጣን ዝም ማሰኘት እንደ ማሰብ ተቆጠረ። ለመጣው እልቂት ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ ይህ የንባብ ልማድ ግን ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም። ማርክስ ራሱ በ1865 እ.ኤ.አ. በቤተሰብ ጨዋታ ላይ የሚወደውን መመሪያ ሲጠየቅ «ሁሉም ሊጠረጠር ይገባል» የሚለውን የላቲን አባባል ነበር የጻፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው «ካፒታል» ውስጥም ስለ ሥራ ቀን ርዝመት የሚናገረው ምዕራፍ የእንግሊዝ ፋብሪካ ተቆጣጣሪዎችን ሪፖርት እየጠቀሰ የሚሄድ ነው። ያንን ምዕራፍ ያነበበ ተማሪ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለሚሠሩ ወጣት ሴቶች የሥራ ሰዓት ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ሠንጠረዡን የሸመደደ ግን አያውቅም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚቆጨኝ የዌበር ነገር ነው። ሰው ገዢውን ለምን እንደ ተገቢ ገዢ አድርጎ ይቀበላል? የዌበር ጥያቄ ይህ ነበር። ሦስት መሠረት አስቀመጠ፦ ከጥንት የመጣ ትውፊት፣ የመሪው ልዩ ጸጋ፣ የተጻፈ ሕግና ደንብ። የእኛ ተማሪ ሦስቱን ይዞ ለየመሪው አንዳንድ ያድላል፤ ንጉሥ ከሆነ ትውፊት ይላል፣ ጨርሷል።

ለዚህ ተማሪ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይሰጠው። አንቀጽ 3 የንጉሠ ነገሥትነቱ ክብር ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ በሚወርደው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዲጸና ይደነግጋል። ለዘመናት በትውፊት ሲነገር የኖረ የዘር ሐረግ የአንቀጽ ቁጥር ለምን አስፈለገው? በልማዱ ከሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ከአንድ በላይ ቤት ዘውዱን ሊመኝ ይችል ነበር፤ በጎንደርም በትግራይም በሸዋም። ሕጉ ያንን በር ዘግቶ ዘውዱን ለአንድ ቤት ሰጠ። ትውፊቱ ለሕጉ መሠረት ሆነ፤ ሕጉ ደግሞ ትውፊቱን ለወጠው። ዌበርም ሦስቱ ዓይነቶች በታሪክ ውስጥ ንጹሕ ሆነው እንደማይገኙ፣ ለማነጻጸሪያ የተበጁ መሆናቸውን በግልጽ ጽፏል። ሠንጠረዡ የደበቀው ይህንን ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ዱርካይም በ1897 እ.ኤ.አ. ስለ ራስ ማጥፋት ያሳተመው ጥናትም በተመሳሳይ መንገድ ሊነበብ ይገባል። እጅግ የግል በሚመስል ድርጊት ውስጥ የየአገሩ መጠን ከዓመት ዓመት ብዙም አለመለዋወጡን አየና የማኅበራዊ ትስስርን ጥያቄ አነሣ። መዛግብቱን በመለየት የረዳው የእህቱ ልጅ ማርሴል ሞስ ነበር። የኋላ ተመራማሪዎች ደግሞ መዝጋቢው ማን ነው፣ ቤተሰብስ ምን ደብቋል ብለው ስሌቱን ሞገቱት። ተማሪ ሁለቱንም ሲያይ ነው መሬት ላይ የሚወርድ ጥያቄ የሚያወጣው፤ ለምሳሌ ከመሃል አዲስ አበባ ሰፈሩ ፈርሶ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም የሄደ ሰው እድሩ ሲበተን ምን ይሆናል?

አውሮፓውያኑን ትተን የራሳችንን እናስተምር የሚሉም አሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። የዌበርና የዱርካይም ዘመነኛ የነበረው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጀርመንኛ የተማረ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ ሥራ፣ ስለ ሥራ ክፍፍልና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በንግድ ስለሚደርስበት ኪሳራ የጻፈ ሰው ነው። ከማርክስና ከዱርካይም ጎን ሆኖ አለመነበቡ ያሳዝናል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን አፍሪካ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኻልዱንም፣ የፊላደልፊያን ጥቁሮች ቤት ለቤት እየዞረ አጥንቶ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ዱ ቦይስም እንዲሁ። ነገር ግን እነዚህን ስሞች በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ብንጨምር የሚሸመደደው በዛ እንጂ ሌላ ምን አተረፍን? ገብረ ሕይወትም ይሞገት፤ የት ላይ ትክክል ነው፣ የት ላይ ተሳስቷል ይባል።

መምህራን ክፍሉ ተጨናንቋል፣ መጽሐፍ የለም ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው። መጽሐፉ ግን አለ፤ አብዛኞቹ ደራሲዎች ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው ብዙዎቹ ሥራዎቻቸው በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። በሴሚስተር አራት ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ይነበብ፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ውይይቱ ተማሪው በደንብ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን። በፈተናውም «የዌበርን ሦስት የሥልጣን ዓይነቶች ዘርዝር» የሚለው ቀርቶ የአንድ ገጽ ጽሑፍ ይሰጠው፦ ደራሲው ምን ይላል? ማስረጃው ምንድን ነው? ምን ብናገኝ ነው ተሳስቷል የምንለው?