ዓለም ያለፈችው በረካ ላይ ነው

ዕድሜዬ 34 ነው፤ የጃፓን ካርቱን አያለሁ። «ካርቱን ሳይሆን አኒሜ ነው» ብዬ ማረሙን የተውኩት አክስቴ «እሺ፣ አኒሜም ይሁንልህ፤ ሚስቱስ?» ካለችኝ ቀን ጀምሮ ነው።

የምወደውም ለልጅ የሚሆን አይደለም። ኢቫንጀሊየን ይባላል። ሂዴያኪ አኖ የሚባል ጃፓናዊ ለአራት ዓመት ያህል ድባቴ ይዞት እጁን አጣጥፎ ከከረመ በኋላ የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1996 በ26 ክፍል በቴሌቪዥን ታየ። ሰው ሲከፋው ትዝታ ይከፍታል፣ ወይ ጠጅ ቤት ይገባል። እሱ ግማሹን የሰው ዘር ጨረሰ።

ቀልዴን አይደለም። በታሪኩ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2000 አንታርክቲካ ላይ ፍንዳታ ይደርሳል፤ የምድር ዛቢያ ይዛነፋል፣ ጃፓን ዓመቱን ሙሉ በጋ ይሆንባታል፣ ከሰው ግማሹ ያልቃል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት፦ መስከረም 3 ቀን 1993። ድፎ ዳቦው እንኳ አላለቀም! ከዚያ በ2015 መላእክት የሚባሉ ግዙፍ ፍጡራን ቶኪዮ 3 የምትባል ከተማ ላይ ተራ በተራ ይመጣሉ። የሚገጥሟቸው የ14 ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሮቦት የሚመስል ግን ሮቦት ያልሆነ ነገር ውስጥ ተቀምጠው። (ልዩነቱን እኛ ቤት ማብራራት ሞክሬ ትቼዋለሁ።) የፈረንጆቹ 2015 በሰላም ሲያልፍ ሌላው ዓለም ተነፈሰ፤ እኔ የራሳችን 2015 እስኪገባ ሰባት ዓመት ተጨማሪ ፈርቻለሁ።

ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ እሱም የእናቴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ፍላሼን ሰካሁ።

«ስሙ ማነው?» አለች።

«በግሪክኛ ወንጌል ማለት ነው።»

ነጠላዋን አስተካክላ ቀረብ አለች። ጥፋቴ ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከፎቅ የሚበልጥ ፍጡር ከባሕር ወጥቶ ሚሳይል ይዘንብበት ጀመር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መልአክ።»

«ታዲያ ለምን ይተኩሱበታል?»

በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ22 ዑራኤል ተብሎ ወር በሚቆጠርበት ቤት ይህን ጥያቄ መመለስ ቀላል አይደለም። ላለዝበው ብዬ «ጃፓኖቹ እንኳ መልአክ አይሉትም፤ ‹ሺቶ› ነው የሚሉት» አልኩ። «ምን ማለት ነው?» «ሐዋርያ።» እናቴ ማጨሻው ላይ ዕጣን ጨመረች። የስማቸውን ዝርዝር ስጠራላት ደግሞ ሳኪኤልን አለፈች፣ ራሚኤልን አለፈች፤ ሳሃኩኤል ላይ ስደርስ «ሳቁኤልን?!» ብላ ብድግ አለች። የዚያን ቀን ቡናው በአቦል ቀረ።

ያዳነኝ የዋናው ባለታሪክ አባት ነው። ጌንዶ ይባላል፤ ለዓመታት ላላየው፣ ሌላ ሰው ዘንድ ጥሎት ለሄደው ልጁ ለሺንጂ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ላይ የጻፈው አንድ ቃል ነው፦ ና። በአማርኛ ቢሆን አንድ ፊደል። ልጁ ተቀዶ የተለጠፈ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ አባትየው ከፎቅ ቁልቁል እያየው ግባና ተዋጋ፣ ካልሆነ ተመለስ ይለዋል።

እናቴ ይህን በቆመችበት ሰማች። «ውሃ እንኳ ሳያቀምሱት?» አለች። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ በተከታታይ ስድስት ቅዳሜ አልተነሳችም።

ግን እሷና እኔ ያየነው አንድ ዓይነት ነገር አልነበረም። እኔ የመላእክቱን አመጣጥ እከታተላለሁ፤ እሷ ልጁ የበላውን ትቆጥራለች። ሺንጂን የምታስጠጋው ሚሳቶ የምትባል መኮንን ናት፤ በጦር ሜዳ አንበሳ፣ በቤቷ ግን ጉድ። በጠዋት ቢራ ትከፍታለች፣ ቆሻሻው እስከ ጣራ ነው፣ ሁለተኛው ፍሪጅ ውስጥ ፔንግዊን ታኖራለች። የቤት ሥራው በእጅ ጨዋታ ዕጣ ይከፈላል፤ ልጁ ደግሞ ሁሌ ይሸነፋል። ከሰማይ የሚወድቀውን ሳሃኩኤልን ልጆቹ በእጃቸው ቀልበው ከተማውን ሲያድኑ ስቴክ ልትጋብዝ ቃል ገብታ ነበር፤ ኪሷን ያወቁት ልጆች ራሳቸው የመንገድ ዳር የኑድል ሾርባ ይሻለናል አሉ። «ቁርጥ ብላ ሽሮ አበላቻቸው» አለች እናቴ፤ ያን ምሽት ለእኔ ሁለተኛ እንጀራ ጨመረችልኝ፤ ለማን እንደጨመረች ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚህ መሀል አስካ መጣች። ጀርመን ያደገች፣ ሁሉን የምታውቅ፣ ሁሉም ነገር እዚያ ይሻል የነበረ የሚመስላት ልጅ፤ ክረምት ክረምት ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ያሉት ሰው ወዲያው ያውቃታል። ሺንጂን ባየች ቁጥር «አንታ ባካ!» ትለዋለች። አንተ ጅል ነህ እንዴ ማለት ነው። እናቴ ግን ሰብታይትል አታነብም።

«እውነቷን ነው» አለች ራሷን እየነቀነቀች።

«ምን አለች?»

«አልሰማህም? ‹አንተ በቃ› አለችው። በቃው እኮ! ስንት ጊዜ ያስለቅሱታል?»

አላረምኳትም። እውነት ለመናገር ከዋናው ትርጉም የእሷ ይሻላል።

ከሁሉ የወደድኩት ክፍል ስድስተኛው ነው። እነዚያ ግዙፍ ነገሮች የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው፤ ከኋላቸው ገመድ አላቸው፣ ገመዱ ከተነቀለ ባትሪያቸው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። («እሱም በኤክስቴንሽን ነው?» አለች እናቴ።) ራሚኤል የሚባለውን መልአክ ለመምታት የሚያስፈልገው ጨረር ታዲያ 180 ሚሊዮን ኪሎዋት ይጠይቃል። ስለዚህ የመላ ጃፓንን መብራት ሰብስበው ለአንድ ልጅ መሣሪያ ይሰጣሉ። አገሩ ከዳር እስከ ዳር ድርግም ይላል፤ ከጨለማው በላይ ጨረቃ ብቻ ትቀራለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ያ ትልቅ የምድር መንቀጥቀጥ ጃፓን ላይ ሲደርስ አድናቂዎቹ በዚሁ ዘመቻ ስም፣ ያሺማ ብለው፣ መብራት እንቆጥብ ሲባባሉ ነበር። ልጁ ቃታውን ሊስብ ሲል... መብራት ሄደ። የእኛ። የሰፈሩ ሁሉ።

በጨለማው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፦ «ለልጁ ሰጡት?»

«እንደዚያ ይመስላል።»

«እንግዲህ ይድረስለት» ብላ ሻማ ፍለጋ ሄደች። መብራት ሲሄድ ሳታማርር የቀረችው በሕይወቷ ያን ማታ ብቻ ነው።

አድናቂ ሌሊቱን የሚከራከርበት ሌላ ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ ሰው ነፍሱን ከሌላው የሚለይበት የማይታይ ግድግዳ አለው፤ ኤቲ ፊልድ ይሉታል። ፊታቸውን የማያሳዩ፣ ዜለ የሚባሉ ሹሞች ያን ግድግዳ አፍርሰው የሰውን ልጅ በሙሉ ወደ አንድ ነፍስ ሊያቀልጡት ያሤራሉ። የዕቅዱ ስም የሰውን ጉድለት መሙያ እንደ ማለት ነው። ምስጢር አይኖርም፤ ማንም ብቻውን አይሆንም። ይህን እያየሁ ለመፍራት ስዘጋጅ ጎረቤታችን እትዬ ሳያንኳኩ ገቡና «ደመወዝ ጨመሩላችሁ አሉ?» አሉኝ። የተነገረን የዚያን ቀን ጠዋት ነው። ለእናቴም ገና አልነገርኳትም! እኛ ሰፈር ያ ግድግዳ መቼም የቆመ አይመስለኝም። ሹሞቹ ያን ሁሉ ብረትና ዶክተር ከሚያባክኑ ሁለት ኪሎ ቡና ከነፈንዲሻው ገዝተው ቢልኩ ሥራው በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር።

እናቴ ደግሞ የራሷ ዕቅድ አላት። መላእክቱን የሚዋጋው ድርጅት ውሳኔ የሚሰጥባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች አሉት፤ በሰብአ ሰገል ስም ሜልኪዮር፣ ባልታዛር፣ ካስፐር ይባላሉ፤ ድምፅ ይሰጣሉ። ይህን ስነግራት ስኒዋን አስቀመጠች። «ሦስት ሽማግሌ ቁጭ ብለው አባትና ልጅ አያስታርቁም?»

ለካ 26 ክፍል የፈጀው በአንድ ሽምግልና የሚያልቅ ነገር ነው።

መጨረሻው ደረሰ። ሁለቱ የመጨረሻ ክፍሎች ሲሠሩ ጊዜ አልቆባቸዋል፤ ጦርነቱም መላእክቱም ይቀራሉ፣ ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ራሱ ይጠየቃል፣ አንዳንዱ ምስል ገና ንድፍ ነው። የተናደዱ አድናቂዎች ለአኖ ያልጻፉለት የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሌላ መጨረሻ በፊልም ሲሠራ የጻፉለትን የተወሰነውን ፊልሙ ውስጥ አሳያቸው። ያም አልበቃው ብሎ ከ2007 እስከ 2021 በአራት ፊልም እንደገና ሠራው። 14 ዓመት፤ የሺንጂን ዕድሜ።

እኛ ቤት ግን የታየው የመጀመሪያው ነው፤ በረካ ላይ ነበርን፣ እትዬም ነበሩ። የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ልጁን ከበው ያጨበጭቡለታል።

«ምን እያሉት ነው?» አለች እናቴ።

«እንኳን ደስ አለህ።»

«ምን አግኝቶ?»

በዚህ ጥያቄ ሰው ከተጣላ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እትዬ ግን ስኒያቸውን ሳያወርዱ «ተመርቆ ነዋ» አሉ።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «አባቱስ?»

በጣቴ አሳየኋት። አለ፤ ከሚስቱ ጎን ቆሞ።

«‹ና› ሳይሉት መጣ?»

«መጣ።»

ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰችና እልልታዋን ለቀቀችው። እትዬም ተቀበሏት።