የኳስ ፋብሪካው ይምጣ፤ ደመወዙ ግን ወለል ይኑረው

«ቆዳ አለን፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት አለን፣ ጉልበታችን ርካሽ ነው፤ ታዲያ የእግር ኳስ ኳስ ቦሌ ለሚ ወይም ዱከም ላይ ለምን አይመረትም?» የሚል ሐሳብ ደጋግሜ እሰማለሁ። ፋብሪካው ቢመጣ ደስ ይለኛል። የማልቀበለው ሦስተኛውን ምክንያት ነው። (ቆዳውም ብዙ አያስመካም፤ የዛሬ ኳስ ልባሱ ባብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው።)

ርካሽ ጉልበት የት እንደሚያደርስ የፓኪስታኗ ሲያልኮት አሳይታለች። በእጅ የሚሰፋ ኳስ በብዛት የሚወጣው ከዚያች ከተማና ከዙሪያዋ መንደሮች ነበር። የተለመደው ኳስ 20 ባለ ስድስት ጎን እና 12 ባለ አምስት ጎን ቁራጮች አሉት። የምትሰፋው ሴት በጉልበቶቿ መካከል በእንጨት መያዣ አጣብቃ፣ ሰም በተቀባ ክርና በሁለት መርፌ ትገጣጥማቸዋለች፤ በየስፌቱ ክሩን በሁለት እጇ ወጥራ ትስባለች። ጣት ይቆስላል፣ ወገብ ይጎብጣል። ክፍያው በኳስ ቁጥር ነውና ጎዶሎውን ለመሙላት ልጆችም መርፌ ያዙ።

ጉዳዩ ዓለምን ካስቆጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 የከተማዋ ንግድ ምክር ቤት ከዓለም ሥራ ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር አትላንታ ላይ ተፈራረመ። ቁጥጥር እንዲያመች ስፌቱ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ማዕከላት ተዛወረ። ሕፃናቱን መታደግ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከቤት መውጣት የማይችሉ ብዙ እናቶች እንጀራቸውን አጡ፤ የልጆቹን ገቢ የሚተካ ደመወዝ ለወላጆች መክፈል የስምምነቱ ዋና ጉዳይ አልነበረም።

ርካሽነቱም ገበያውን አላስጠበቀም። ቻይና በማሽን መስፋት ጀመረች። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ኳስ ደግሞ በሙቀት ተጣብቆ ታይላንድ ውስጥ ተሠራ፤ አንድም ስፌት የለውም። ሲያልኮት ለ2014ቱ የብራዚል ዋንጫ ኳስ ያቀረበችው ከፋብሪካዎቿ አንዱ ያንኑ የማጣበቅ ሙያ ስለተካነ ነው።

እኛም ብንሆን አይተነዋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ጥናቱ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ብሎታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሜሪካ ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ስታስወጣን ግን ትዕዛዙ ሄደ፣ ሠራተኞች ተበተኑ። ርካሽ መሆናችን ማንንም አላቆየም። እዚህ አዲስ አበባም፣ በቦሌ ለሚ አቅራቢያ ጎሮ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩት ወጣት የፋብሪካ ሠራተኞች ኪራይ ከፍለው፣ ለቤተሰብ ልከው የሚተርፋቸው ነገር የለም። ስለዚህ ሥራውን በደንብ ሳይለምዱ ይለቃሉ፤ ፋብሪካውም እንደገና ማሠልጠን ይጀምራል። ሙያ በዚህ አያያዝ አይደረጅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። የኳስ ባለሀብት ከመጋበዙ በፊት ያ ቦርድ ወለሉን ይወስን። ክፍያው በኳስ ቁጥር ከሆነም፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ ሊሠራ ለሚችለው ኳስ የሚከፈለው ከወለሉ እንዳያንስ በውሉ ይጻፍ። ከፋብሪካ ውጭ ለቤት ሰፊዎች የሚሰጥ ሥራ ካለም ለማን፣ በስንት እንደተሰጠ ይመዝገብ፤ በሲያልኮት ልጆች ወደ ሥራው የገቡት በዚያ በኩል ነውና።