እውቀቱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ እንደግ

በቀደም አንድ የስታርትአፕ ኤግዚቢሽን ላይ ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወጣት እንዲህ በድፍረት ሲያድግ ማየት ሆድ ያባባል። በተለይ አንዱ ልጅ። ጥቁር ቲሸርት፣ ነጭ ስኒከር፣ ከኋላው ቁመቱን የሚያክል ባነር፤ «የአፍሪካን ሕክምና እንቀይራለን» የሚል። ጠረጴዛው ላይ የደም ግፊት መለኪያ አለ። መለኪያው ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ ስልኩ ከክላውድ ጋር፣ ክላውዱ ደግሞ ከኤአይ ጋር። ከታካሚው ክንድ ጋር ያለው ግንኙነት ብቻ ገና አልጠራም።

ይህን ያወቅኩት በአንዲት ሲስተር ምክንያት ነው። ሁሉም ሰልፊ በሚነሳበት ቦታ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም መቼም። ጡረታቸው የደረሰ፣ መነጽራቸው በገመድ ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ካፍ አነሱት፣ ገለበጡት፣ ቬልክሮውን ጠረር አድርገው ከፈቱት።

«የኔ ልጅ፣ ያላችሁ ይቺ ብቻ ናት?»

«አዎ ሲስተር፣ ዋን ሳይዝ። ለሁሉም የምትሆን።»

«ወፍራም ክንድ ሲመጣስ?»

«ቨርሽን ሁለት ላይ እናየዋለን።»

መልስ ማለት ይሄ ነው! ጠባብ ካፍ ወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ግፊቱን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ ማንኛዋም ነርስ ታውቃለች። በጣም ትልቁን ካፍ ለሚፈልግ ክንድ መደበኛውን ብታስርለት የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 20 ገደማ ሊጨምር ይችላል። እንግዲህ 125 የነበሩ እናት 145 ሆነው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ጨው ይተዋሉ፣ መድኃኒት ይጀምራሉ፣ አፑን በየቀኑ ይከፍታሉ። አንድ ቋሚ ተጠቃሚ ተገኘ! ኢንቨስተር የሚፈልገው ሌላ ምን አለ?

ሲስተር ግን አልጨረሱም። በስንት ሰው እንደተሞከረ ጠየቁ። ልጁ ፈገግ አለ። «ቢሮ ያለን በሙሉ ተለክተናል።» ቢሮ ያሉት ስድስት ናቸው፤ አንዷ የአክስቱ ልጅ። ለግፊት መለኪያ የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ቢያንስ 85 ሰው ይላል። ያውም ዝም ብሎ 85 አይደለም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ወንዱም ሴቱም ሊኖርበት ይገባል፤ ሁለት የሰለጠኑ ሰዎች በጆሯቸው እያዳመጡ ማሽኑ ያለውን ሊያመሳክሩ ይገባል። እስቲ አሁን 85 ክንድ ስትለካ ውለህ መቼ ልታድግ ነው?

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የምዝገባው ነገር ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሕክምና መሣሪያ እንደሚመዘግብ ሲነገረው ልጁ ቅንድቡ እንኳ አልተነሳም። «እኛ የሕክምና መሣሪያ አይደለንም፣ ዌልነስ ፕላትፎርም ነን» አለ። ከኋላው ባነሩ «ሕክምና» እያለ እየጮኸ! አንድን ዕቃ ለገዢ መድኃኒት፣ ለተቆጣጣሪ መጫወቻ ማድረግ ተሰጥኦ ነው። የታካሚው መረጃ የት እንደሚቀመጥ ሲጠየቅ ደግሞ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። ክላውድ ማለቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ እዚያ ድረስ መድረስ አለመድረሱን አልጠየቅኩትም፤ የሰው ደስታ አላበላሽም።

የዚህ መንገድ ፈር ቀዳጅ አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ሆምስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 በ19 ዓመቷ ቴራኖስ የተባለውን የደም ምርመራ ኩባንያ መሠረተች፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲንም አቋርጣ ወጣች። ትምህርት ጊዜ ይፈጃላ! ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ጠብታ ደም ብዙ ምርመራ እሠራለሁ አለች፤ ኩባንያው 9 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ቦርዷ ላይ የቀድሞዎቹን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሄንሪ ኪሲንጀርንና ጆርጅ ሹልትዝን የመሳሰሉ አንጋፋዎች ተሰየሙ። የደም ላብራቶሪ ሳይሆን ሦስተኛውን የዓለም ጦርነት የሚመሩ ይመስል ነበር። የሹልትዝ የልጅ ልጅ እዚያው ተቀጥሮ «ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ቢል አያቱ ልጁን ትተው ኩባንያውን አመኑ። አብዛኛው ምርመራ ለካ ከሌላ ኩባንያ በተገዛ ማሽን ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2016 በራሳቸው ማሽን የተሠራውን የሁለት ዓመት ውጤት ሰረዙት። ሰው ሁሉ የሚያወራው 11 ዓመት ከምናምን እንደተፈረደባት ነው። ከዚያ በፊት 12 ዓመት ሙሉ ያለ ጠያቂ ማደጓን የሚያነሳላት የለም። ምቀኝነት ነው።

የኛም ልጅ ቡድኑን እያሰፋ ነው። ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ። ሦስት የማርኬቲንግ ባለሙያ፣ ሁለት ቪዲዮ ኤዲተር፣ አንድ ድሮን አብራሪ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ባዮሜዲካል ኢንጂነርም አለ፤ «ኢንተርን፣ የትራንስፖርት የሚከፈል»። ማሽኑ ክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያ ገብቶ መብራት ሲዋዥቅ ማን ይጠግነዋል፣ ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም በትክክል መለካቱን፣ ማን ያያል፣ ካፉ ሲቀደድ ከየት ይመጣል የሚለው የዚህ ኢንተርን ድርሻ ይመስለኛል። ደርሶ መልሱ ታክሲ ከተከፈለው ምን ጎደለበት?

ማታ ላይ ልጁ አንደኛ ወጣ። በሩን ሊያክል ምንም ያልቀረው የካርቶን ቼክ ተሸከመ። ቀጥሎ የክብር እንግዳው መድረክ ላይ እንዲለኩ ተጋበዙ። ወፈር ያሉ ሰው ናቸው፣ ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል። ልጁ ካፏን ከነኮቱ እጅጌ ላይ አሰራት፤ ቬልክሮው ጫፍ ለጫፍ በመከራ ተገናኘ። ትልቁ ስክሪን ላይ 178 በቀይ በራ። አዳራሹ አጨበጨበ። የክብር እንግዳው አላጨበጨቡም፤ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አንዱ ሮጦ ውሃ አመጣ።

«ኮታቸውን አስወልቃቸው እንጂ!» አሉ ሲስተር ከኋላ፣ ወደ መድረኩ እየመጡ።

«እማማ፣ ከፍሬም ይውጡልኝ» አላቸው ካሜራማኑ።