ሬቲ መሃሉን መተው አይደለም

«በቼዝ የሬቲ አከፋፈት (ነጭ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ አውጥቶ የሚጀምርበት) የሰሌዳውን መሃል ለጥቁር አስረክቦ ጥግ መያዝ ነው፤ ጥቁር ምንም ቢጫወት ነጭ ያንኑ ሰልፍ ይደረድራል» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ይለዋል እንጂ ልክ አይደለም።

ፈረስ ኤፍ3 (ፊደልና ቁጥሩ የሰሌዳውን ካሬ ይጠቁማሉ) ወጥቶ ጥቁር ወታደሩን ዲ5 ላይ ሲያኖር፣ ነጭ ወዲያው ወታደሩን ሲ4 ገፍቶ ይገጥመዋል። ይሄ መደበቅ ነው? መሃል ላይ ወታደር አለመትከልና መሃሉን አለመቆጣጠር ለየቅል ናቸው። ጂ2 ላይ የሚቀመጠው ጳጳስ ከሩቅ የሚያነጣጥረው ኢ4 እና ዲ5 ላይ ነው።

አከፋፈቱ የተሰየመለት ሪቻርድ ሬቲ ራሱ በ1924 ኒውዮርክ ላይ ሌላውን ታላቅ ተጫዋች ቦጎልዩቦቭን ያሸነፈበትን ጨዋታ አውጥተህ እየው። በ8ኛው እርምጃ ዲ4፣ በ15ኛው ኢ4! ጊዜውን ጠብቆ መሃሉን በወታደር ወሰደው። ጨዋታው በ25 እርምጃ አለቀ።

«ያንኑ ሰልፍ» ያልከውም አይሠራም። ጥቁር ሲ4 ላይ ያለውን ወታደር ከበላ ወታደሩን ማስመለሻ መፈለግ አለብህ። ወደ ዲ4 ገፍቶ ካለፈ ደግሞ በኢ3 ወይም በቢ4 ነካ ነካ ማድረግ ነው፤ ዝም ካልከው ተጨናንቀህ ትቀራለህ።